ቨርቹዋል ማሽን አልነሳ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። «አልሠራም አለ» ብቻ አትበሉኝ፤ የት ጋ እንደቆመ ንገሩኝ። መስኮቱ እንኳ ሳይከፈት ስህተት ካወጣ ጣጣው ብዙውን ጊዜ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው። ተከፍቶ ዲስክ አጣሁ ካለ የማሽኑን ሴቲንግ እንፈትሻለን። የዊንዶውስ ወይም የሊኑክስ አርማ ታይቶ ከቆመ ደግሞ ችግሩ ውስጥ ያለው ሲስተም ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋልቦክስ (የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም) ላይ ማሽን ስፈጥር 32 ቢት ብቻ ያሳየኛል። ኮምፒውተሬ ግን 64 ቢት ነው።

መልስ፦ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ የሚረዳው የፕሮሰሰሩ አቅም፣ ተዘግቶብህ ይሆናል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የሴቲንግ ገጽ) ውስጥ ግባና ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን ክፈት። መከፈቱን ታስክ ማናጀር ውስጥ፣ ፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ሲፒዩን ስትነካ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ የእኔ ይነሳል፤ ግን እስኪነሳ ያስረጃል። ከታች አረንጓዴ ኤሊ ትታየኛለች።

መልስ፦ ኤሊዋ በከንቱ አልመጣችም። ሃይፐር-ቪ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከ6.0 ወዲህ በሱ ላይ ተደርቦ መሥራት ይችላል፤ ግን ይንቀረፈፋል። ከዊንዶውስ ፊቸሮች ውስጥ ሃይፐር-ቪንና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ካልሄደች ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውን የዊንዶውስ ጥበቃ ተመልከት፤ እሱን ስታጠፋ ግን የኮምፒውተርህ ጥበቃ ይቀንሳል። ደብልዩኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ማስኬጃ) የምትጠቀም ከሆነም እሱ መሥራት ያቆማል። እኔ ብሆን ያን ጊዜ ኤሊዋን እችላታለሁ።

ጥያቄ፦ የድሮ ዲስኬን አዲስ ማሽን ላይ ሰካሁት። የሚነሳበት ነገር አላገኘሁም ይለኛል።

መልስ፦ ዲስኩ ስቶሬጅ ውስጥ ከታየ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳውን የመጀመሪያ ፕሮግራም፣ ጠርጥር። በአዲሱ ዓይነት በዩኢኤፍአይ የተጫነ ሲስተም በአሮጌው በባዮስ አይነሳም፤ በተቃራኒውም እንደዚያው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ሴቲንጉ ውስጥ ኢኤፍአይ የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ወይም ማንሳት ይበቃል። ሃይፐር-ቪ ላይ ግን ጄኔሬሽን 1 (ባዮስ) እና 2 (ዩኢኤፍአይ) ከተፈጠሩ በኋላ አይቀየሩም። ማሽኑን በሌላኛው ጄኔሬሽን እንደገና ፍጠርና ዲስኩን አያይዝለት።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ጭኜ ስጨርስ እንደገና ልጫን ይለኛል።

መልስ፦ አይኤስኦውን፣ ማለትም የመጫኛውን ፋይል፣ ከማሽኑ አውጣው፤ አሁንም ከሱ እየተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) አዛወርኩ። ዲስኩን ቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የዲስክ ዓይነት) አደረግኩት፤ አርማው ታይቶ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እንደ አዲስ ልጫነው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ አትጫኚው! ዳታሽ አለ። ዊንዶውስ የቨርትአይኦ ድራይቨር ስለሌለው የራሱን ዲስክ ማየት አቅቶት ነው። መጀመሪያ የዲስኩን ፋይል ኮፒ አድርጊ። ከዚያ ዋናውን ዲስክ ወደተለመዱት ዓይነቶች፣ ወደ ሳታ ወይም አይዲኢ፣ መልሺና አስነሺው። ሲነሳ አጥፊውና 1 ጊጋ የምታህል ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ ጨምሪበት፤ የድራይቨሩንም አይኤስኦ ስኪ። ትንሿ ዲስክ የምታስፈልገው ለዳታ አይደለም። ዊንዶውስ አዲሱን ሃርድዌር አይቶ ድራይቨሩን እንዲቀበል ነው። ድራይቨሩን ጫኚ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስኳ መታየቷን አረጋግጪ፣ አጥፊው። አሁን ትንሿን አውጥተሽ ዋናውን ቨርትአይኦ አድርጊው። ብዙ ሰው ድራይቨሩን ይጭንና ትንሿን ዲስክ ይዘላታል፤ ከዚያ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣበታል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛውን ዲስክ ካወጣሁ ወዲህ ሊኑክሱ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይቆማል።

መልስ፦ ሊኑክስ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች የተዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ ፋይል አሁንም ያንን ዲስክ ይጠብቃል። በሩት (በአስተዳዳሪው አካውንት) ገብተህ የዲስኩ መስመር ፊት የሃሽ ምልክት (#) አድርግ። ፋይሉ አልጻፍ ካለህ ሩት ፓርቲሽኑን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ለመጻፍ እንዲፈቅድ አድርገህ እንደገና ማውንት አድርገው።

ጥያቄ፦ ቦታ ስላጠረኝ የስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ጊዜ ሁኔታ መያዣ) ፋይሎቹን በእጄ ደለትኳቸው። አሁን ማሽኑ አይነሳም።

መልስ፦ ይሄ ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ስናፕሾት ወዲህ የሠራኸው በሙሉ እነዚያ ፋይሎች ውስጥ ነበር። ባክአፕ ከሌለህ ፋይሎቹ በነበሩበት ዲስክ ላይ ምንም አትጻፍበት፤ ፋይል መመለሻ ሶፍትዌሩን እንኳ ከሌላ ዲስክ አስነሳው። ካልተመለሱ ዋናው ዲስክ የሚያነሳህ የመጀመሪያውን ስናፕሾት ወደወሰድክበት ቀን ብቻ ነው። ወደፊት ስናፕሾት መሰረዝ ስትፈልግ ከፕሮግራሙ ውስጥ ሰርዝ፤ ለውጦቹን እሱ ራሱ ያዋህዳቸዋል። ለዚያም ነጻ ቦታ ይፈልጋል፤ ዲስኩ ጢም እስኪል አትጠብቅ።