መልስ፦ አዋቂዎችን ወደ ሳይንስ ጨዋታ እንዴት ልሳባቸው?
እህቴ፣ «አዳራሽ ተከራይቼ የሳይንስ ምሽት አዘጋጀሁ፤ የመጡት አምስት ሰዎች ናቸው» ብለሻል። አይዞሽ! እኔ ጥፋቱ የአዳራሹ ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ያስታውሳል፤ ሰው ደግሞ ካደገ በኋላ መፈተን አይወድም።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ደንከን ዳላስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን «ካፌ ሲያንቲፊክ» የተባለ፣ ካፌ ውስጥ የሚካሄድ የሳይንስ ወግ ተመልከቺ። ተመራማሪው ያለ ስላይድ 20 ደቂቃ ያህል ያወራል። ከዚያ እረፍት ነው፤ ሰው መጠጡን ይደግማል። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡት «ያ ያለው ነገር ገባህ?» ይባባላሉ። እጁን ለማውጣት ያፈረው ሰው ጥያቄውን መጀመሪያ ለጎረቤቱ ይሞክረዋል። ሲመለሱ ጥያቄው ይጎርፋል።

አንቺም ቡና በሚፈላበት ቤት ሞክሪው። እንግዳሽ በአቦል ያውራ፣ ጥያቄው በቶና ይምጣ። ማይክ ግን እንዳታስገቢ።