ዐቢይ ጾም አቴንስ ላይ ሲይዘኝ ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ አቴንስ ውስጥ ግሪካዊ አግብታ ትኖራለች። ዘንድሮ ከቅበላ በፊት ሄጄ ፋሲካን ከእነርሱ ጋር እንድውል ትኬት ቆርጣልኛለች። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ድርቆሹን ማዘጋጀት ስጀምር ግን በስልክ «እማዬ፣ ምግብ አትሸከሚ፤ የአገሩን ቅመሺ። የእሱም እናት እሑድ እሑድ ትጠራናለችና እንዳታስቀይሚያት» አለችኝ። እነርሱም ኦርቶዶክስ እንደሆኑ እሰማለሁ፤ ጾማቸው እንደ እኛ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ጾሜን ሳልሽር፣ የሰውም ፊት ሳላጠቁር እንዴት ልብላ?
አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ለጾመኛ ኢትዮጵያዊ እንደ ግሪክ የሚመች ማዕድ ያለው የአውሮፓ አገር በቀላሉ አይገኝም። ውጭ አገር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ያመጡት ሽሮ ሲያልቅ በዳቦና በሻይ የሚሰነብቱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ይህም ለእነርሱ ከሚጎዳቸው ይልቅ፣ ሥራ ውላ ማታ እንጀራ ለመጋገር የምትንገላታውን ልጅ ይጎዳል።

ስለ ጾሙ ልጀምር። ፋሲካችን ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ ልዩነቱ ጾሙ በሚገባበት ቀን ላይ ነው። እኛ ጾመ ሕርቃልን ጨምረን 55 ቀን ስንጾም፣ እነርሱ «ንጹሕ ሰኞ» ከሚሉት ዕለት ጀምረው 48 ቀን ይጾማሉ። ስለዚህ እርስዎ ጾም የሚጀምሩበት ሳምንት ለእነርሱ የአይብ ሳምንት ነው፤ ሥጋ ትተው አይቡን፣ ወተቱንና እንቁላሉን ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ይበላሉ። በአማችዎ እናት ቤት ሊያስቸግርዎ የሚችለው በዋናነት ይህ ሳምንት ስለሆነ፣ ልጅዎ «እናቴ ከእናንተ በአንድ ሳምንት ትቀድማለች» ብላ አስቀድማ ብትነግርልዎ ነገሩ ያልቃል፤ ጾም ምን እንደሆነ ለግሪክ እናት ማስረዳት አያስፈልግምና። ከዚያ ቀደም ብለው ከደረሱ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ፤ የእኛ ጾም ከሚገባበት ሰኞ አራት ቀን አስቀድሞ ባለው ሐሙስ ግሪኮች በየደጁና በየምግብ ቤቱ ሥጋ ይጠብሳሉ፤ ቅበላዎን በዚያ ቀን ከቤተ ዘመዱ ጋር ማድረግ ይችላሉ።

ጾሙ ከገባ በኋላ በየዳቦ ቤቱና በየሱቁ «ኒስቲሲሞ» የሚል ጽሑፍ ያያሉ፤ የጾም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ አይቶ ብቻ መብላት ለእኛ አይበቃም። በእነርሱ ሥርዓት ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስና ሌሎች ቅርፊትና ክንፍ የሌላቸው የባሕር ፍጥረታት በጾም ይበላሉ፤ ሮዝ መልክ ያለው ለዳቦ የሚቀባው «ታራማስ» ደግሞ ከዓሣ እንቁላል የሚሠራ ነው። ዓሣን በሚመለከት የንስሐ አባትዎ የነገሩዎትን ይጠብቁ። መጋቢት 16 ቀን እነርሱ በዓለ ብሥራትን ሲያከብሩ በየቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ከነጭ ሽንኩርት ድልህ ጋር ይቀርባል፤ የእኛ በዓል መጋቢት 29 ነውና ዓሣውን ቢተዉ እንኳ ድልሁን በቀይ ሥር ቢበሉት ግሩም ነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር ልምጣ። በአቴንስ እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን በመንገድ ላይ የሚቆም ገበያ አለው፤ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ። በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ የዱር ጎመኑ ክምር ለብቻው ያለ ዓለም ነው፤ መራራው፣ ለስላሳው፣ ቅጠለ ሰፊው። ግሪኮች በብዙ ውኃ ቀቅለው፣ አጥልለው፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ አፍስሰውበት ለብ እንዳለ ይበሉታል። ያለ ቃሪያ ይበላል ወይ ብለው አይናቁት፤ መጀመሪያ እንዳለ ይቅመሱት፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብ ቃሪያዎን ይጨምሩ።

«ፋቫ» የሚሉት ደግሞ ከቢጫ ክክ ተቀቅሎ የሚላቆጥ ሲሆን፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ይደረግበታል። በተለይ ሳንቶሪኒ በምትባለው ደሴት የሚበቅለው የጥራጥሬ ዝርያ የእኛው የጓያ ዘመድ ነው፤ የሞረትና የጅሩ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ። የነጭ ቦሎቄ ሾርባውም፣ በቲማቲም በምድጃ የሚበስለው ትልልቅ ባቄላ መሳይ ቦሎቄም ያለ አንዳች ፍርሃት የሚበሉ ናቸው።

የገብስ አገር ሰው ሆነው ከሁሉም በላይ እንዲቀምሱልኝ የምፈልገው ግን የቀርጤስን ደረቅ የገብስ ዳቦ ነው። ሁለት ጊዜ ስለሚጋገር እንዲያው ቢነክሱት ጥርስ ያስቸግራል። ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጉበትና የተፈቀፈቀ ቲማቲም ያፈሱበታል፤ ከዚያም ዘይትና ኦሬጋኖ ጨምረው ጥቂት ይጠብቁታል። ከሥሩ ገና ኩርሽም እያለ ከላዩ ግን ጭማቂውን ጠጥቶ ይርሳል፤ ድርቆሽ ፍርፍር ለሚወድ ሰው ይህ እንግዳ ምግብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አይብ ስለሚነሰነስበት «ሆሪስ ቲሪ» ብለው ይዘዙ፤ ያለ አይብ ማለት ነው።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ እነርሱ ጠዋት ሲበሉ እርስዎ እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚቆዩ ከሆነ የእሑዱን ግብዣ ምንም አይነካውም፤ የግሪክ የእሑድ ምሳ ዘግየት ያለ ነው። ሲጋበዙ «አልፈልግም» ከማለት ይልቅ ትንሽ ቆርሰው፣ ቀምሰው «እጅሽ ይባረክ» ይበሉ፤ ልጅዎ ትተረጉማለች። ከቤትዎ ያመጡትን ሽሮ ደግሞ አንድ እሑድ በአማችዎ እናት ምድጃ ላይ ሠርተው ቢያቀምሱ፣ መስተንግዶው የሁለት ወገን ይሆናል፤ በርበሬውን ግን ቀነስ ያድርጉ።

በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የበግ ሆድ ዕቃ በሰላጣ ቅጠል፣ በእንስላል፣ በእንቁላልና በሎሚ የተሠራ ሾርባ ይቀርባል። በማግስቱ በግ በሙሉው በፍም ላይ እየተሽከረከረ ይጠበሳል፤ ከጎኑም ጉበቱና ሳንባው በአንጀት ተጠቅልሎ የሚጠበሰው «ኮኮሬትሲ» አለ። ዱለት ያሳደገው ሰው ይህን አይፈራም። ለዚህ ቀን የሚሆን ትንሽ ሚጥሚጣ በቦርሳዎ ቢይዙ እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ልጠይቅ ወደዚያው ወደ ግሪክ እሄዳለሁ። ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና የመንዝ ማር ልውሰድለት?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ቅቤውንና ቋንጣውን ይተዉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ከተገኘ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ለራስ የሚሆን መያዝ ይቻላል። ቃሪያና ጤና አዳምን የመሰለ ለምለም ነገር የዕፀዋት ጤና ማረጋገጫ ስለሚጠየቅበት አያድክምዎ፤ የተፈጨ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ግን በሚገባ አሽገው፣ ስሙን ጽፈው ቢይዙ ይሻላል። የገና ጾም ላይ የሚሄዱ ከሆነ፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ቋሚ በዓላትን በአዲሱ አቆጣጠር ስለምታከብር ገናቸው ታኅሣሥ 16 ቀን መሆኑን ይወቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 29 ወንድምዎ ቤት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የፍስክ ምግብ ይዞ ሊመጣ ይችላል።