ከመፈረምህ በፊት ተሳቢውን እየው

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ደረቅ ሶስት፣ የተሳቢ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ማውጣት ቀላል አይደለም። ጥያቄህ እንደገባኝ ሁለት ድርጅት ለሹፌርነት ጠርተውሃል። አንዱ ገና የወንበሩ ላስቲክ ያልተላጠ ሲኖ 371፣ የቻይናው ከባድ መኪና፣ ከነተሳቢው ሊሰጥህ ነው። ሌላው የቆየ ኢቬኮ ትራከር ነው፣ ደሞዙም ዝቅ ይላል። "መኪናውን አይቼ ልምረጥ ወይስ ደሞዙን?" ነው ያልከው።

ብዙ ሰው "መኪናው የባለቤቱ ነው፣ አንተ ደሞዝህን እይ" ይልሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። የከባድ መኪና ሹፌር በወር ደሞዝ ብቻ አይኖርም። የሚኖረው በአበልና በምልልስ ነው። መኪናው ጋራዥ ከተኛ አበል የለም። ጓደኞችህ ጂቡቲ ደርሰው ሲመለሱ አንተ ከሜካኒክ ጋር ሻይ ስትጠጣ ትከርማለህ። ስለዚህ ለጀማሪ መኪናው ራሱ ደሞዝ ነው። ግን መኪና ስልህ ማርካውን ወይም አዲስነቱን ማለቴ አይደለም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የብዙ ድርጅት ቢሮ መሃል ከተማ ነው፤ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም ዙሪያ። ፎቅ ትወጣለህ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የመኪና ፎቶ ታያለህ፣ ትፈርማለህ። መኪናው ግን እዚያ የለም። ከባድ መኪና ቀን ቀን መሃል ከተማ እንደልቡ ስለማይገባ ቃሊቲ ወይ ሞጆ ነው የሚቆመው። ፎቶው ላይ ደግሞ ሁሌም የሚታየው ጋቢናው ነው። ታክሲ ያዝና ቃሊቲ ውረድ። "መኪናውን ልየው" ስትላቸው ፊታቸው ከጠቆረ፣ መልስህን አግኝተሃል ማለት ነው።

እዚያ ስትደርስ ጋቢና ውስጥ ለመቀመጥ አትቸኩል። በቀጥታ ወደ ኋላ ሂድ። ባለንብረት ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆጥበው ተሳቢው ላይ ነው። ድሮ የሠራሁበት አንድ ድርጅት የፊት መኪናውን እንደ ሙሽራ ያጥብ ነበር። ተሳቢው ስር ስገባ ግን የአንዱ ጎማ ፍሬን የሚሠራበት የንፋስ ቱቦ ታጥፎ በሽቦ ታስሯል። የፍሬኑ የውስጥ ላስቲክ ሲቀደድ ንፋስ ያፈስሳል፤ አዲስ ከመግዛት ቱቦውን አንቆ ማሰር ይቀላል። ንፋሱ መፍሰሱን ያቆማል። ያ ጎማ ግን ፍሬን የለውም። 400 ኩንታል ጭነህ አባይ በረሃን ስትወርድ ተሳቢው ከኋላ ይገፋሃል። የፊት መኪናው የሁለቱንም ሥራ ይሠራና ፍሬኑ ግሎ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጠው ምንም የለም።

ስለዚህ ስልክህን መብራት አድርገህ ከስር እይ። ሽቦ ፈልግ። የፍሬኑ ታምቡር ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ፈስሶ እንደሆነ ተመልከት። የፍሬኑን ንፋስ የሚያጠራቅሙትን ጋኖች ማፍሰሻ ሳብ አድርግ፤ ትንሽ ውሃ ቢወጣ የተለመደ ነው፣ ጥቁር ዘይት ከተፋ ግን ንፋሱን የሚሞላው ኮምፕረሰር ታሟል። ቀጥለህ ጎማዎቹ ስር ታኮ አድርግና ሞተር አስነሳ። ንፋሱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ ሞተሩን አጥፋ። እጅ ፍሬኑን ልቀቅ። የእግር ፍሬኑን ርገጥና ሳትለቅ አንድ ደቂቃ ቆይ። የንፋስ መለኪያው ቀስት ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ይህን ስታደርግ ጠባቂውም ሌሎቹ ሹፌሮችም ይስቁብህ ይሆናል። ይሳቁ።

ጎማውን ጥርሱን ብቻ አይተህ አትለፍ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመቱን ይነግሩሃል። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ያረጀ ጎማ የአፋርን አስፋልት አይችልም፤ ከሚሌ በኋላ ይፈነዳብሃል። የፈነዳውን ማን ይከፍላል? ይሄንን አሁኑኑ ጠይቅ። ከሹፌር ደሞዝ የሚቆርጥ አለ።

ወደ ጋቢናው እንምጣ። ኤሲ ቅንጦት የሚመስላቸው ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። በጂቡቲ መንገድ ሰመራና ጋላፊ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ በዚያ ሙቀት እንቅልፍ የሌለው ሹፌር ደግሞ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው። ጂቡቲ ገብተህ የከባድ መኪና ማቆያው ፒኬ 12 ላይ ተራ ስትጠብቅ የምታድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። የኋላ አልጋው ላይ ተጋድመህ ሞክረው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን በሞተሩ ጉልበት የሚይዘው የሞተር ፍሬንም እንደሚሠራ አረጋግጥ። "እሱን ማንም አይጠቀምበትም" ካሉህ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማርካው። ሲኖን ሰው ቀይ ሽብር እያለ ይሰድበዋል። እኔ እንኳ ስሙን ያወጣለት ከመኪናው ይልቅ አነዳዱ ነው ባይ ነኝ። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ እንደልብ አለ፤ ጠዋት የተሰበረ ዕቃ ከሰዓት ሊገኝ ይችላል። ኢቬኮም ባዳ አይደለም። አምቼ የሚባለው ፋብሪካ እዚሁ ሲገጣጥመው ስለኖረ ሜካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የሚያስፈራው እንደ ብርቅ የሚታይ፣ አገር ውስጥ በቁጥር የሚገኝ የአውሮፓ መኪና ነው። ዶላር ተገኝቶ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ክረምቱ ይወጣል። አንተም ያለ አበል ትጠብቃለህ። ስለዚህ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ጋራዡ ጠይቅ። የራሳቸው ሜካኒክ አላቸው? መንገድ ላይ ስትቆም ማን ይመጣልሃል? ዕቃ ለመግዛት ብር የሚያወጣው ማነው፣ ስልኩንስ ያነሳል?

ነዳጅም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንዳንዱ ድርጅት ለአንድ መንገድ የተወሰነ ሊትር ናፍጣ ይመድባል፣ ከዚያ ያለፈው ካንተ ይቆረጣል። ኮታው የወጣው በአዲስ መኪና ተለክቶ፣ የምትነዳው ግን ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ያለቀበት አሮጌ ከሆነ፣ ሳትሰርቅ ሌባ ትባላለህ። ኮታው በየትኛው መኪና እንደተለካ ጠይቅ። ጂፒኤስ ካለው ደግሞ ደስ ይበልህ። የቆዩት ሹፌሮች ያማርሩታል፤ ለጀማሪ ግን የት እንደቆምክና በምን ፍጥነት እንደሄድክ የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

ርክክብ ላይ አትፈር። ስኮርታ (ትርፍ) ጎማ፣ ክሪክ፣ ባትሪ፣ ሸራ፣ ገመድ፣ ሁሉንም በዓይንህ እይ። የባትሪውንና የስኮርታውን ቁጥር ራስህ ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ። ወረቀቱ ላይ "ክሪክ 1" ተብሎ ዕቃው ከሌለ "የለም" ብለህ ጽፈህ ፈርም። አለበለዚያ ስትለቅ ያላየኸውን ክሪክ ትከፍላለህ።

ከሁለቱ የቱን ልያዝ ላልከኝ፣ ከጻፍከው ተነስቼ ወደ ትራከሩ አደላለሁ። የራሳቸው ጋራዥ እንዳላቸውና ከቀድሞው ሹፌር ጋር እንዳገናኙህ ጽፈሃል። የሲኖዎቹ ሰዎች ግን ስለ ተሳቢው ስትጠይቃቸው "እሱ ችግር የለውም" ብለው አልፈዋል። አዲስ መኪና ያረጀ ተሳቢ ሲጎትት ብዙ አይቻለሁ። ተሳቢውም አዲስ ከሆነ፣ የጎማውንም ነገር በጽሑፍ ከሰጡህ፣ ሲኖውን ያዝ፤ ያኔ የደሞዙ ልዩነት ትርፍህ ነው።

ነገ ሁለቱንም ደውልላቸውና ቃሊቲ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ያየኸውን መጥተህ ጻፍልን፣ የተሳቢውንም ፎቶ ጨምርበት። በተለይ ከስር።