መልስ፦ ትንሿም ትልቁም እንዲደሰቱ
እህቴ፣ የአራትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ማታ አዳራሽ ውስጥ ወዳለ የመዝናኛ ፓርክ ስትሄጂ ሁለቱንም እንዴት እንደምታስደስቺ ጠይቀሻል። የጨዋታዎቹን የቁመት ገደብ ከቤት ሳትወጪ አጣሪ። ትንሿ ተሰልፋ ቆይታ መግቢያው ላይ «አልደረስሽም» ስትባል አንጀት ትበላለች። ከባለቤትሽ ጋር ከሆናችሁ ልጆቹን ተካፈሉ፤ ቆይታችሁ ትቀያየራላችሁ። ትራምፖሊን (የሚያነጥረው የመዝለያ ጨርቅ) ላይ ግን አደራ! ሁለቱን አንድ ላይ አታስዘልያቸው። ከበድ ያለው ልጅ ሲያርፍ ጨርቁ ቀላሉን ልጅ ሳይታሰብ ያስፈነጥረዋል። ብዙ ስብራት የሚመጣው እንዲህ ነው። እራቱን ከሚሽከረከሩት ጨዋታዎች በኋላ አድርጉት፤ አለዚያ ያቅለሸልሻቸዋል። ካልሲም አትርሺ። ትንሿ ዓይኗን ማሸት ከጀመረች ደግሞ፣ ቲኬት ቢተርፋችሁም ወደ ቤት ግቡ።