ሲቆረጥ ምን ይቀራል?

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በቴሌቪዥን ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ሰው የደከመበትን ሥራ በመቁረጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት የፊልም ሠሪዎች ቤቴ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ተከታታይ ድራማችንን ሰው ወዶታል። ፊልም ብናደርገውስ?» ይሉኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት በ1955 እንግሊዝ አገር የተሠራ ጥቁርና ነጭ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አሳያቸዋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) «ዘ ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ፤ ጭራቁ ዛሬ በስልክ ከሚሠራው ያነሰ ነውና። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን የሚስቅ አይኖርም።

ፊልሙ የተወሰደው ቢቢሲ በ1953 ከጁላይ 18 እስከ ኦገስት 22 ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ካሳየው ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ነው። ደራሲው ናይጄል ኒል ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ቪየና ተወልዶ ናዚዎችን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሩዶልፍ ካርቲየር ነው። ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ ስቱዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ቀጥታ ስል ዛሬ እናንተ በስልካችሁ እንደምትለቁት አይደለም። ተዋናዩ ቃል ቢረሳ፣ በሩ አልከፈት ቢል፣ መብራት ቢጠፋ አገር እያየው ነው። ካሜራዎቹ ከጦርነቱ በፊት የነበሩ አሮጌዎች፣ የስድስቱ ክፍሎች ጠቅላላ ወጪ ደግሞ ከ4,000 ፓውንድ በታች ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አየር ላይ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ገና ተጽፈው አላለቁም ነበር ይባላል፤ ይህን ሳነብ ብዙ የማውቃቸው ፕሮዲውሰሮች ትዝ አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፕሮፌሰር ኳተርማስ ሦስት ሰዎችን በሮኬት ወደ ጠፈር ይልካል። ሮኬቷ ተመልሳ ስትወድቅ በውስጧ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቪክተር ካሩን። የሁለቱ ልብስ ባዶውን ቀርቷል። ካሩን የተረፈ ይመስላል እንጂ ጠፈር ላይ አንድ ነገር ገብቶበታል፤ ቀስ በቀስ ሰውነቱ ወደ ሌላ ፍጡር፣ እንደ ተክል ወዳለ ነገር ይለወጣል። መጨረሻው ዌስትሚንስተር አቤይ ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የነገሠችው በዚያው ዓመት ጁን 2 ነበር። ብዙ እንግሊዛዊ ቴሌቪዥን የገዛው ያንን ዘውድ ለማየት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ደራሲው በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ቦታ ጭራቅ አስቀመጠላቸው። ፍርሃት የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር፤ ሰው በደንብ በሚያውቀውና በሚያከብረው ቦታ።

ጭራቁስ ምን ነበር? የደራሲው የራሱ እጆች። ጓንት አጥልቆ፣ ጓንቱ ላይ ላስቲክና ቅጠላ ቅጠል ለጥፎ፣ የአቤይን ውስጥ በሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ በተበጀ ቀዳዳ እጆቹን አውጥቶ አንቀሳቀሳቸው። ሚሊዮኖች የፈሩት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እንዲህ ያለ ጭራቅ ይዛችሁ ታሪኩን በፍንዳታ ልትጨርሱ አትችሉም። ኒልም አልሞከረም። ኳተርማስ ወደ ፍጡሩ ይቀርብና ያናግረዋል። ፍጡሩን ሳይሆን በውስጡ የተዋጡትን ሦስት ሰዎች ነው የሚያናግረው፤ ሰው መሆናችሁን አስታውሱ፣ ተቃወሙት ይላቸዋል። እነርሱም ይሰማሉ፤ ፍጡሩ ከውስጥ ይሸነፋል። የድራማው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይኸው ነበር፦ ከሰው ላይ ሁሉ ነገር ሲወሰድ የሚቀር ነገር አለ? መጨረሻው ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሃመር የተባለው የፊልም ኩባንያ መብቱን ገዝቶ፣ ዳይሬክተሩ ቫል ጌስት ከሪቻርድ ላንዳው ጋር ሆኖ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስደውን ድራማ ወደ 82 ደቂቃ አወረደው። ስለ ቆረጣው ብቻ ከሆነ፣ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። በድራማው ካሩን የጠፉትን ጓደኞቹን እውቀት ይዞ ይናገር ነበር፤ የማያውቀውን ጀርመንኛ ሳይቀር። ጌስት ይህን ሁሉ አወጣና ካሩንን ዝም አሰኘው። ተዋናዩ ሪቻርድ ዎርድስዎርዝ (የታላቁ ባለቅኔ የዎርድስዎርዝ ዘር ነው) ከጥቂት ቃል በቀር አይናገርም፤ ሥቃዩን የምናነበው ከዓይኑና ከአጥንታም ፊቱ ነው። ወንዝ ዳር አሻንጉሊት ይዛ የምትጫወት ትንሽ ልጅ የሚያገኝበትን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩት። ልጅቷ አትፈራውም። እርሱ ነው ራሱን የሚፈራው። ሊገድላት ይችላል፤ እንዳይገድላት ከራሱ ጋር ይታገልና ሮጦ ይጠፋል። የሦስት ገጽ ንግግር ተቆርጦ ቦታው በአንድ ፊት ሊሸፈን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ካሜራውንም እንደ ዜና ቀራጭ በእጅ አስይዞ እያንቀሳቀሰ ቀርጿል፤ ለዚህ ነው ዛሬም ያልሞተው።

መጨረሻውን ግን ገደለው። አቤይ ውስጥ እንዲቀርጽ ስላልተፈቀደለት ስቱዲዮ ውስጥ አስመስሎ ሠራው፤ ይህ ምንም አይደለም። የቀጥታ ስርጭት ሠራተኞች ጭራቁን በካሜራቸው የሚያገኙበት ሐሳብም ግሩም ነው፣ ሙያዬ ስለሆነ አዳልቼ ይሆናል እንጂ። ከዚያ በኋላ ግን የለንደንን ኤሌክትሪክ ለቀውበት ያቃጥሉታል። አለቀ። የሚናገረው ሰው የለም፤ የሚሰማም የለም። ያ ሰው ልጅቷን ላለመግደል ሲታገል አይተን፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ተባይ ሲቃጠል እናያለን። ገንዘቡ ሲጨምር፣ ድህነቱ ያስገኘው ነገር አብሮ ወጣ።

አንድ ነገር ላይ ከደራሲው ጋር እለያያለሁ። ፊልሙ በአሜሪካ እንዲሸጥ ተብሎ ኳተርማስን የተጫወተው አሜሪካዊው ብራያን ዶንሌቪ ነው፤ ኒል እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልወደደውም። የእርሱ ኳተርማስ ሕሊናው የሚያሠቃየው ሰው ነበር፤ የዶንሌቪው ሰዉን ሁሉ እየገፋ የሚያልፍ ጉልበተኛ ነው። ለእኔ ግን ይህ ሰውዬ ያስፈራኛል፤ ማስፈራቱም ለፊልሙ በጅቶታል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ማንንም ሳያይ ከአቤይ ወጥቶ ወደ ጨለማው ይሄዳል፤ እንደገና እንደሚጀምር ይናገራል፤ ሌላ ሮኬትም ይተኮሳል። ኤሌክትሪኩ ያበላሸውን ፊልም ይህ ቀዝቃዛ ሰው በመጠኑ ያድነዋል።

ስለዚህ «ፊልም እናድርገው?» ለሚለው ጥያቄያችሁ፦ ገጸ ባሕርይ ቀንሱ፣ ንግግር ቁረጡ፣ ስድስት ቦታ የነበረውን ሁለት አድርጉት፤ ምንም አልልም። ብቻ ድራማችሁ የሚጠይቀው ጥያቄ ምን እንደሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት በአንድ መስመር ጻፉልኝ። መጻፍ ካቃታችሁ መቀሱን አትንኩ።

ስለ ውልም ላንሣ፤ አሰልቺ ቢሆንም። ኒል የቢቢሲ ሠራተኛ ስለነበር መብቱን የሸጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። እጁን ጭራቅ አድርጎ ያዋሰ ሰው በፊልሙ ላይ ድምፅ አልነበረውም፤ ከሽያጩም የሚገባው ድርሻ አልነበረውም። የተወሰነ ክፍያ ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ታሪኩን ወደ ፊልም የመለወጥ መብት የማን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ። ወንድማማቾች ብትሆኑም።

ቅጂ አስቀምጡ ስላችሁ ደግሞ የሽማግሌ ጭቅጭቅ አይምሰላችሁ። ያኔ ቀጥታ ስርጭት የሚቀዳው ፊልም ካሜራ በስክሪን ፊት ተደቅኖ ነበር። ከስድስቱ የተቀዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ስክሪኑን ሲሻገር የተቀዳ ነፍሳት ሳይቀር ይታያል። ጥራቱ አላረካቸውምና የቀሩትን አራቱን አልቀዱም። ስለዚህ ያን የአቤይ መጨረሻ፣ እጆቹንም ቢሆን፣ ዛሬ ማንም ሊያየው አይችልም። ሀርድ ዲስካችሁ አንድ ከሆነ ነገ ሁለተኛ ግዙ።

ልታጠኑት ከፈለጋችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ የተረፉትን ሁለት ክፍሎች እዩ። ቀጥሎ የቀሩትን አራቱን አንብቡ፤ ሙሉ ስክሪፕቱን ፔንግዊን በ1959 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ፊልሙን በመጨረሻ እዩት፤ ጌስት የቆረጠውን እያንዳንዱን ትዕይንት በስክሪፕቱ ላይ በእርሳስ እያመለከታችሁ።