ልጄ ተፈጥሮ ሳይንስ ትግባ ወይስ ማኅበራዊ?

«ልጄ በደሴ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ድሮ በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ‹ኢንጂነሯ› ነው የምንላት። ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ 58 አመጣች። ሥራዋ ስልክ መነካካት ሆኗል። ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ ሳስጠናት ‹አብሽር አባዬ፣ ገብቶኛል› ትለኛለች፤ ፈተና ላይ ግን የለም። በ2014 ተፈናቅለን ጥቂት ወራት አዲስ አበባ ከመቆየታችን በቀር ትምህርቷ ተስተጓጉሎ አያውቅም። እናቷ ማኅበራዊ ትግባ ትላለች። እኔ ተፈጥሮ ሳይንስ ገብታ ምሕንድስና እንድታጠና እፈልጋለሁ። ላስገድዳት?»

የተከበሩ አባት፣ በደብዳቤዎ የእርስዎ ፍላጎት አለ፣ የእናቷም አለ፤ የልጅዎ ግን አንድም ቦታ የለም። ከዚያ ይልቅ የያዘኝ «ጥቂት ወራት ከመቆየታችን በቀር» ብለው ያለፉት ነገር ነው።

ዘንድሮ በ2018 10ኛ ክፍል ከሆነች፣ በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ 4ኛ ክፍል፣ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ 6ኛ ክፍል ነበረች ማለት ነው። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ ጥምርታና ፐርሰንት የሚደላደሉት በእነዚሁ ዓመታት ነው። አሁን ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ መጡ። አዲሱ ትምህርት ገብቷት እንኳ፣ በመሃል 2/3 እና 3/4ን መደመር ሲኖርባት 17/12 በማለት ፈንታ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ 5/7 ብትል መልሱ በሙሉ ይበላሻል። እሷም «ሎጋሪዝም አልገባኝም» ብላ ትደመድማለች። ያልገባት ግን የ5ኛ ክፍሉ ነው።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም? «ኢንጂነሯ» የተባለች ልጅ 10ኛ ክፍል ደርሳ ክፍልፋይ አላውቅም ብትል የምታጣው ስሟን ነው። በጉብዝናቸው የሚመሰገኑ ልጆች ያልገባቸውን መጠየቅ የሚፈሩት በዚህ ነው። ስለዚህ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ይሸመድዳሉ። ሽምደዳ 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ፣ ጥያቄው ደብተር ላይ ያለውን ሲመስል፣ ያሳልፋል፤ 10ኛ ክፍል ላይ ግን ያልቃል። በዚያ ላይ ስሌት ስንሠራ ቁጥሮቹን ለአፍታ ይዘን የምናቆይበት የአእምሯችን አቅም ውስን ነው፤ ስጋት ያንኑ አቅም ይሻማል። ቤት የሠራችው ጥያቄ ፈተና ላይ የሚጠፋባት በዚህ ሊሆን ይችላል። ማታ ከአጠገብዎ መቀመጧም፣ ድምፅዎን ባያነሡ እንኳ፣ ሌላ ፈተና ይሆንባታል። «አብሽር አባዬ» ማለቷን እርስዎ እንደ ግዴለሽነት ያዩት ይመስላል። እኔ ሳነበው ግን የምታጽናናው እርስዎን ነው። ስልኩም መሸሸጊያዋ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ከእናቷ ጋር እቆማለሁ፤ ግን በግማሽ። እሳቸው ልጅቷ መጨነቋን በትክክል አይተዋል። ማኅበራዊ ሳይንስ ግን ከሒሳብ አያስመልጥም፤ እዚያም ሒሳብና ኢኮኖሚክስ አለ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናውም ሒሳብ አለው። ክፍተቱ ካልተሞላ አብሯት ይሄዳል።

ለአሁኑ የማስጠናቱን ሥራ ለሌላ ሰው ይተዉት፤ መምህር ወይም የምትቀርበው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ካሉት አሥር ያህል ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ያሠራት፤ −7 − (−4) ዓይነቱንም ይጨምርበት። መልሱን ብቻ ሳይሆን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃት። ቁጥሩ ሲቀየር ማስረዳት ካቃታት የሸመደደችው እሱን ነው። ከዚያ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፣ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት የጎደለውን ብቻ ትሥራ። አንዳንድ ልጅ ከዚህም በላይ ይፈልጋል፤ አይቸኩሉ።

ስሕተቱ ቀንሶ እሷም ከፈለገች ተፈጥሮ ሳይንስ ትግባ። ካልፈለገች ግን 90 ብታመጣም አላስገድዳትም። ያንን ምርጫዋን እናቷ ባሉበት፣ የራስዎን ሳይናገሩ በፊት ይጠይቋት።

እንቅልፍ የምታጣ፣ በፈተና ቀን ሆዷን የሚያማት ወይም ስለ 2014 ወሬ ሲነሣ የምትሸሽ ከሆነ ግን ነገሩ ከሒሳብ ያለፈ ሊሆን ይችላልና በደብዳቤ የሚፈታ አይደለም። ያኔ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ትገናኝ፤ መጀመሪያ ብቻዋን፣ ቀጥሎ ሦስታችሁም።