የእንጨት ጥያቄ ለቀራጺው፦ የአያቴን ዛር ልቅረጽ?

ጥያቄ፦ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ባለዛር ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሲያጓሩ አይቻለሁ። አሁን ያየሁትን በዋንዛ እየቀረጽኩ ነው፤ ፎቶ ልኬያለሁ። እናቴ ግን «ይህን ጣዖት ከቤቴ አውጣልኝ» ትላለች። እንጨቱም ሲደርቅ ፊቱ ላይ ይሰነጠቃል። ምን ይሻለኛል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትህን ፍርሃት አትናቅ። ከበሮ ሲመታ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ የገዛ እናታቸው ሌላ ሰው ሲሆኑባቸው እያዩ ነው ያደጉት። ሥራህን ከሳሎን አውጣላቸው። መቅረጹን ግን እንዳትተው።

ፎቶውን አየሁት። ቀንድ፣ የተበረገደ አፍ፣ ያገጠጠ ጥርስ። ይሄ ከአያትህ ቤት የመጣ አይመስለኝም፤ ከፊልም ነው። ዛር የያዘው ሰው እኮ «የዛር ፈረስ» ነው የሚባለው። ጋላቢው አይታይም፣ የሚታየው ፈረሱ ነው። ስለዚህ አያትህን ቅረጻቸው። ጉሪው፣ ማለትም ዛሩ ሲወርድ የሚመጣው መወዛወዝና ማጓራት፣ ሲይዛቸው አንገታቸው እንዴት ይዞር ነበር? ትከሻቸውስ? እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር ወይስ መሬት? ነጠላቸው የት ወደቀ? እነዚህን ከአንተ ሌላ ማንም አይቀርጽልንም።

የኮንሶን ዋካ በደንብ አጥናው። የሞተ ጀግና መታሰቢያ የሆነ የእንጨት ሐውልት ነው። አጠገቡ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ይቆማሉ፤ አውሬ ገድሎ ከሆነም አውሬው። ሰውነቱ ቀጥ ያለ ግንድ ነው፣ የቀራጺው ድካም ፊቱ ላይ ነው ያለው። ፊቱ ስትቆም ግን ዝም ያሰኝሃል።

ስንጥቁ የሚመጣው የእንጨቱ ውጪ ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ነው። ሙሉ ግንድ ከነልቡ ከቀረጽክ አይቀርልህም። ለሁለት ሰንጥቀህ ልቡን አውጣ፣ ወይም በጀርባው ቦርቡረው። እርጥበቱ ቶሎ የሚወጣው በሁለቱ ጫፍ ስለሆነ ጫፎቹን ሰም ቀባቸው። ፀሐይ ላይም አታስጣው።

እኔ እርጥብ ዋንዛ መግዛት ትቻለሁ። ዋንዛን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎችን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሻጩ ከየት እንዳመጣው በምን ታውቃለህ? ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የወጣ የጥድ ምሰሶ ፈልግ። ስንት ዘመን የደረቀ እንጨት ነው፣ እንደ እርጥቡ አያስቸግርህም። ብቻ ከመጀመርህ በፊት በማግኔት ፈትሸው። ውስጡ የቀረ ምስማር መሮህን ይሰብረዋል።